ከአራት ኪሎ እስከ ቱሉ ዲምቱ፦ ብቻችሁን ከፍተኛ ተራራ ለመውጣት ዝርዝር መመሪያ

ባሌ ተራሮች 3 ጊዜ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ግን ጫፍ ሳልደርስ ነው የተመለስኩት። ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ጎባ ገባሁ፣ አንድ ሌሊት አደርኩ፣ በማግስቱ ጠዋት በመኪና ቀጥታ ሳነቲ የሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ ወጣሁና ቱሉ ዲምቱን (አዲስ አበባ ያለው ሰፈር ሳይሆን የባሌው ተራራ) በእግሬ ጀመርኩት። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፣ የተራራው ጫፍ ደግሞ 4,377፣ በግማሽ ቀን ከ1,600 ሜትር በላይ ልወጣ ነበር ማለት ነው። ጫፉ ከፊቴ እየታየኝ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ አስመለሰኝ፣ ከዛ የጫማዬ ክር ተፈቶ ላስረው ጎንበስ ስል እንዴት እንደሚታሰር ጠፋኝ። ክሩን በሁለት እጄ ይዤ ዝም ብዬ ሳየው ትዝ ይለኛል። እንደዛ ሆኜም «ደህና ነኝ፣ እንቀጥል» እያልኩ ነበር። ክንዴን ይዞ «አይሆንም እህቴ፣ እንወርዳለን» ያለኝ አስጎብኚዬ ነው፣ ጎባ ስንደርስ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ።

ከዛ ቀን በኋላ አንድ ነገር ገባኝ፣ ይሄን ሁሉ የምፅፈውም ለሱ ስል ነው። 4,000 ሜትር ላይ አየር ያጠረው ጭንቅላት መታመሙን ራሱ አያውቀውም። ስለዚ ዋና ዋናው ውሳኔ ሁሉ፣ መቼ እንደምትመለሱ፣ ምን ሲሰማችሁ እንደምትወርዱ፣ ማን እንደሚፈልጋችሁ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ቡናችሁን እየጠጣችሁ ተወስኖ በወረቀት መፃፍ አለበት። እዛ ስትደርሱ የፃፋችሁትን መፈፀም ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

«ብቻዬን» ስንል

መጀመሪያ ይሄን እናጥራ። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ድንኳን ይዞ ለብዙ ቀን ለመጓዝ የአካባቢው አስጎብኚ መያዝ ግዴታ ነው፣ ሰሜን ተራሮችም ላይ ስካውት (አብሯችሁ የሚሄድ ጠባቂ) ግዴታ ነው። ስለዚ ብቻዬን ሄድኩ ስል ጓደኛ የለም፣ የተደራጀ ግሩፕ የለም፣ እቅዱን የማወጣው፣ የምበላውን የማበስለው፣ ቦርሳዬን የምሸከመው፣ በጀቱን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ግን አገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ከጎኔ አለ ማለቴ ነው። ከዚህ በላይ ብቻ መሆን ምንም አይጨምርላችሁም። ሳነቲ ላይ ጉም ሲወርድ 10 ሜትር ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ አይታይም፣ ቦታው ደግሞ ሁሉም አቅጣጫ አንድ አይነት ነው የሚመስለው።

ለምን ባሌ? ራስ ዳሸን ከፍ ይላል፣ 4,550 ሜትር አካባቢ ነው፣ ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ ወደ ወንዝ ወርዶ እንደገና መውጣት አለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ይከብዳል። ባሌ ግን ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ደግሞ ገመድ ምናምን አያስፈልግም፣ እግርና ሳንባ ነው የሚፈልገው። ከጎኑ ባቱ የሚባለው ተራራ አለ፣ 4,307 ሜትር (ድሮ ዝዋይ የምንላት ከተማ አይደለችም)፣ ቀን ከተረፋችሁ ሁለቱንም መሞከር ይቻላል። አስፋልት ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው ሳነቲን የመሰለ ቦታ በህልሙም አይመጣም፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደ ሰው ቆሞ፣ ሜዳው በድንጋይና በትንንሽ ሐይቆች ተሞልቶ፣ ከሩቅ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጣ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አካባቢ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ነው ያሉት። መስከረም 2016 ላይ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ቦታ ነው።

መቼ

ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ። ሰማዩ ክፍት ነው፣ መሬቱ ደረቅ ነው። ግን ደረቅ ማለት ሞቃት ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ውርጭ የሚያደርገው ያኔ ነው። ሌሊት ሳነቲ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ ቀን ላይ ደግሞ በቲሸርት ትሄዳላችሁ። ከመጋቢት በኋላ ዝናብ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይቆያል፣ ያኔ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ መብረቅ ቀልድ አይደለም፣ እኔ ክረምት ላይ አልመክርም።

ከመነሳታችሁ 2 ቀን በፊት ለፓርኩ ወይም ለአስጎብኚያችሁ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። አንድ ሳምንት በፊት የተሰማ ወሬ አይሰራም፣ የዛን ሳምንት መረጃ ነው የሚያስፈልገው። «አሁን ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ፣ ተራራው የትም አይሄድም።

ልምምድ፣ 8 ሳምንት

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች አንድ እድል አለን። መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር አካባቢ ነው፣ አራት ኪሎ ደግሞ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ማለትም እዚህ እየኖርን ያለነው የአየር ግፊቱ ከባህር ጠረፍ በሩብ ያህል የቀነሰበት ቦታ ላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ በ40 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከጅቡቲ ከሚመጣ ሰው በብዙ እንሻላለን፣ ግን ይሄ «እኔ ደጋ ነው ያደግኩት አልታመምም» የሚያስብል አይደለም። እኔ አራት ኪሎ ተወልጄ ነው የታመምኩት።

የመጀመሪያ 3 ሳምንት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ በሳምንት 3 ቀን ውጡ ውረዱ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብትሄዱ ብዙ ሰው አለ፣ ብቸኝነት አይሰማም፣ ለሴት ልጅም ጥሩ ነው። መሮጥ አያስፈልግም። ያለማቋረጥ 45 ደቂቃ መውጣት መውረድ፣ ያ ብቻ። ቤታችሁ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ከሆነ ደረጃው ራሱ ጂም ነው።

ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ እንጦጦ። ከሽሮ ሜዳ ተነስታችሁ እስከ እንጦጦ ማርያም በእግር፣ 3,000 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ዋናውን መንገድ ያዙ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ጫካ ውስጥ ለብቻ አትግቡ፣ ስልክ በእጃችሁ አትያዙ። ቦርሳው ውስጥ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ አድርጉ፣ መጀመሪያ 2፣ ከዛ 4፣ መጨረሻ ላይ 6፣ ማለትም 12 ኪሎ። ላይ ስትደርሱ ውሃውን ለሚፈልግ ሰው ስጡ ወይ ባህር ዛፉ ስር ድፉትና ባዶ ቦርሳ ይዛችሁ ውረዱ፣ ምክንያቱም ጉልበት የሚጎዳው መውጣቱ ሳይሆን ሸክም ይዞ መውረዱ ነው፣ ልምምድ ላይ ጉልበታችሁን አትጨርሱት።

እንጦጦ ላይ ያስተማሩኝ አሰልጣኞች እንጨት ተሸካሚ እናቶች ናቸው። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ አንዷን እናት አለፍኳቸው፣ ባዶ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ላይ እየወጡ ነበር፣ እኔ ቶሎ ቶሎ ሄጄ ላቤ ጠብ እያለ ቆምኩ፣ ደረሱብኝና አለፉኝ፣ እንደገና ሄጄ አለፍኳቸው፣ እንደገና ቆምኩ። ላይ ስደርስ እሳቸው ደርሰው እንጨት መልቀም ጀምረዋል። አረማመዳቸውን ልብ ብላችሁ እዩት፣ እርምጃቸው አጭር ነው፣ ተረከዛቸው ሙሉ መሬት ይነካል፣ ትንፋሻቸው አይቆራረጥም፣ ዳገቱ ሲብስ እርምጃው ያጥራል እንጂ አይቆሙም። «እናቴ እንዴት ነው የማይደክምዎት?» ስላቸው «መቸኮል ነው የሚያደክመው ልጄ» አሉኝ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ስወጣ የእሳቸውን አረማመድ ነው የሄድኩት።

የመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት ወደ 3,400 ሜትር የሚጠጋውን ወጨጫን፣ ወይም የረርን ውጡ፣ ሙሉ ቀን፣ በሙሉ እቃ፣ እዚህኛው ላይ ግን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አላማው እቃውን መፈተን ነው። እኔ አዲስ ጫማ ገዝቼ ሳልፈትነው የሄድኩ ቀን ሶሉ ሁለተኛው ቀን ላይ ተላቀቀና በገመድ አስሬ ነው የጨረስኩት። ከመነሳታችሁ 4 ቀን በፊት ልምምድ አቁሙ፣ እረፉ።

እቃ

ሁሉንም ነገር አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ሳልቫጅ ልብስ ተራ ሂዱና ታጉን አንብቡ። 100 ከመቶ ኮተን ካለ ተዉት፣ ፖሊስተር ወይም ሱፍ ከሆነ ያዙት። ኮተን ላብ ይጠጣና አይደርቅም፣ ንፋስ ሲመጣ በረዶ ይሆናል። ጋቢ የምትወዱ ትኖራላችሁ፣ እኔም እወዳለሁ፣ ግን ከባድ ነው፣ ከረጠበ ደግሞ 2 ቀን አይደርቅም፣ ቤት ይቅር።

የሚለበሰው በ3 ድርብ ነው። ከስር ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ቀጭን ፖሊስተር፣ መሃል ላይ ፍሊስ ወይ የላባ ጃኬት፣ ከላይ ንፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት። ስትሄዱ ትንሽ በርዷችሁ ጀምሩ፣ 10 ደቂቃ ሳትሄዱ ይሞቃችኋል። ስትቆሙ ወዲያው የላባውን ደርቡ፣ ከበረዳችሁ በኋላ መልበስ ዘግይቷል። ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ለመኝታ ብቻ የሚሆን አንድ ደረቅ ካልሲ (ይሄን ካልሲ በምንም አይነት ሁኔታ ቀን ላይ አታድርጉት)።

ስሊፒንግ ባግ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ከዜሮ በታች 10 የሚችል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ካጣችሁ ሁለት ቀጫጭን አንዱን በአንዱ ውስጥ። ከስር የሚነጠፈው ፍራሽ ከላይ ካለው እኩል ነው፣ ብርድ የሚመጣው ከመሬት ነው። ድንኳን የሚያከራዩ አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፣ ስትከራዩ ግን እዛው ዘርግታችሁ እዩት፣ ዚፑን 10 ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፣ ከዛ ቤት ወስዳችሁ ግቢ ውስጥ ተክላችሁ በጆግ ውሃ አፍስሱበት። የሚያንጠባጥብ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ብታውቁት ይሻላል። በጨለማ መትከልም ተለማመዱ፣ መብራት አጥፍታችሁ ጓንት አድርጋችሁ።

የተቀረው የግንባር ባትሪ ከመለዋወጫ ድንጋይ ጋር፣ ፓወር ባንክ፣ ፉጨት፣ ቢላ፣ ክብሪት በፌስታል ተጠቅልሎ፣ የፀሐይ መነፅር፣ ሰንስክሪን፣ ለከንፈር ቫዝሊን። ፀሐዩን አትናቁ፣ በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ብርድ ስለሆነ አይታወቃችሁም እንጂ ማታ ላይ አፍንጫችሁ ተልጦ ታገኙታላችሁ። ስልካችሁ ላይ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ማፕስ ዶት ሚ ጭናችሁ የባሌን ካርታ እዚሁ ዋይፋይ ላይ አውርዱ። ሴቶች፣ ፔሬድ ባይደርስም ፓድ ያዙ፣ ከፍታውም ድካሙም ቀኑን ሊያዛባው ይችላል፣ ያገለገለውን ደግሞ በፌስታል አስራችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

ቦርሳው ውስጥ መጀመሪያ ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል አስገቡና ሁሉንም እቃ እሱ ውስጥ ክተቱ፣ ዝናብ ቢመጣ ይሄ ነው የሚያድናችሁ። ጠቅላላ ክብደቱ ከ12 ኪሎ ከበለጠ ፈረስ ተከራዩ። ፈረስ መከራየት ሽንፈት አይደለም፣ ለባለፈረሱ ስራ ነው።

ምግብ

እዚህ ላይ ነው ትንሽ ጊዜ የምወስደው፣ ምክንያቱም ሰው የውጭ ቪዲዮ አይቶ ውድ የታሸገ ምግብ ሲፈልግ አያለሁ፣ ለተራራ የሚሆን ምግብ ያለው ግን እናቶቻችን ጓዳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ 4,000 ሜትር ላይ 87 እንኳን አይሞላም። ይፈላል ግን አያበስልም። ምስር ለመቀቀል ብትሞክሩ ጋዙ ያልቃል ምስሩ እንደ ጠጠር ይቀራል። ፓስታ ከውጪ ይላቁጣል ከውስጥ ጥሬ ነው። ስለዚ የሚያስፈልገው አስቀድሞ የተቆላ የተፈጨ ምግብ ነው፣ ያ ደግሞ በሶ ነው።

በሶ በቀን 200 ግራም አስቡ። ጠዋት በሙቅ ውሃና በስኳር በጥብጣችሁ ጠጡት፣ ቀን ላይ በትንሽ ጨውና በበርበሬ ጨብጣችሁ ብሉት። ጾም ካልሆነ ጭኮ የሚባለውን ያዙ፣ የተቆላ ገብስ በቅቤና በቅመም የታሸ፣ የአርሲና የባሌ ሰው ምግብ ነው፣ በብርድ አይበላሽም፣ ዱላ ይመስል ይጠነክራል ግን ትንሽ ቆርሳችሁ አፋችሁ ውስጥ ስታቆዩት ቅቤው ይለቃል፣ ከዛ በኋላ 2 ሰዓት ሙሉ ረሃብ የለም። እናቴ የመጀመሪያውን ጉዞ «ምን ልትሆኚ ነው ብቻሽን ተራራ ላይ?» ብላ ስትቆጣ ከርማ ሁለተኛው ላይ ግን ራሷ ጭኮ አሽታ በአይስክሬም እቃ ሞልታ ሰጠችኝ፣ ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ የቀኑን ስም ፅፋ።

ከዛ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ቴምር፣ ለማታ ድርቆሽና የተዘጋጀ ሽሮ (ሽሮው ቀድሞ በዘይትና በሽንኩርት ተቁላልቶ የደረቀ ከሆነ 5 ደቂቃ ነው)። ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ስለዚ የምትወዱትን ያዙ። ቆሎ በጃኬት ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ቦርሳ ውስጥ ያለ ነገር ደክሟችሁ አታወጡትም።

ውሃ በቀን 3 ሊትር። ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ከብት ስለሚውልበት አፍሉት ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት፣ ከጨመራችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ እጥፍ። ማታ ሃይላንዱን ዘቅዝቃችሁ አስቀምጡት፣ በረዶ ከላይ ስለሚጀምር ጠዋት አፉ ክፍት ይሆንላችኋል። አንዱን ደግሞ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ እግራችሁ ጋ አድርጉ። ስልኩንም አብራችሁ አስተኙት፣ ብርድ ባትሪ ይበላል። የምታበስሉት በያዛችሁት ጋዝ ነው፣ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ ለእንጨት አትቁረጡ፣ እዛ ከፍታ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ለማደግ ስንት ዓመት ይፈጅበታል።

ወረቀቱ

ይሄን እንዳትዘሉት። በአንድ ገፅ ላይ በእጃችሁ ፃፉ፣ የምትሄዱበት መንገድ በየቀኑ፣ የት እንደምታድሩ፣ የአስጎብኚው ስልክ፣ የፓርኩ ስልክ፣ የደም አይነታችሁ፣ የምትወስዱት መድሃኒት ካለ። ከስር ደግሞ ትልቁ ነገር፣ «እስከ እንዲህ ቀን ማታ 2 ሰዓት ካልደወልኩ መጀመሪያ አስጎብኚውን፣ ከዛ ፓርኩን ደውሉ»። ቀኑን ስትወስኑ አንድ ሙሉ ቀን ጨምሩበት፣ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ሰው በከንቱ እንዳይጨነቅ። የኔ ወረቀት እናቴ ቤት ፍሪጅ ላይ ነው የሚለጠፈው፣ እህቴ ደግሞ በስልኳ ፎቶ አንስታዋለች። ድንገት የሚደነግጥ ሰው ላይ አትጣሉት፣ ተረጋግቶ መደወል የሚችል ሰው ምረጡ።

ሁለተኛ ኮፒ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ጀርባው ላይ የራሳችሁ ህግ ይፃፍበት። የኔ እንዲህ ይላል፦ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ አንድ እርምጃ ወደ ላይ የለም። በ6 ሰዓት ጫፍ ካልደረስኩ እመለሳለሁ። ቀጥ ባለ መስመር መሄድ ካቃተኝ ሌሊትም ቢሆን እወርዳለሁ። አስጎብኚው ተመለሽ ካለ ክርክር የለም።

ይሄን ህግ መጀመሪያ ቀን ለአስጎብኚያችሁ አንብቡለት። እሱ ሲያስታውሳችሁ በራሳችሁ ቃል ስለሆነ አትቆጡም።

ጉዞው

ትኬት አንድ ቀን ቀድማችሁ መናኸሪያ ሄዳችሁ ቁረጡ። በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል የሚሄደው ሮቤ ሳይደርስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ዲንሾ ላይ ያወርዳችኋል፣ የፓርኩ ዋና ቢሮ እዛ ነው። ለሹፌሩ ረዳት «ዲንሾ ወራጅ ነኝ» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ዝርዝር ብር በብዛት ያዙ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቴሌብር አይሰራም። ትንሽ ኦሮምኛም ያዙ፣ «አካም» ሰላምታ ነው፣ «ቢሻን» ውሃ፣ «ፈርዳ» ፈረስ፣ «ከራን ኤሳ?» መንገዱ የት ነው፣ «ገለቶማ» አመሰግናለሁ። እረኛ ልጆች ከሩቅ ሰላም ስትሏቸው በቋንቋቸው ከሆነ ፊታቸው ይበራል፣ ውሾቻቸውንም ያስታግሱላችኋል።

ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ነው፣ እዛ 2 ሌሊት እደሩ። ብዙ ሰው ይሄን ቀን እንደ ብክነት ያየዋል፣ እኔ ደግሞ የጉዞው ዋናው ቀን ነው እላለሁ። በመሃሉ ጋይሳይ ሜዳ ላይ በእግር ዙሩ፣ የደጋ አጋዘን እዛ በቅርብ ታያላችሁ፣ ሰውነታችሁም ሳታውቁት አየሩን ይለምዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታችሁ ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፣ በየ3 ወይም 4 ቀኑ ደግሞ አንድ እረፍት። ቀን ላይ ከፍ ብላችሁ ማታ ዝቅ ብላችሁ ብትተኙ በጣም ጥሩ ነው።

ከዲንሾ በወብ ሸለቆ በኩል ወደ ሶዶታ ነው የመጀመሪያው ጉዞ። መንገዱ ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ፏፏቴና የድንጋይ ዋሻ አለ፣ 3,469 ሜትር ላይ። በፈረንጆቹ 2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እዛ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር፣ ባሌ ላይ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። እዛ ዋሻ አጠገብ ተቀምጬ በሶዬን ስጨብጥ በጣም ደስ ነበር ያለኝ።

ከዛ ኬይረንሳ፣ ከዛ ራፉ፣ ከዛ 3,950 ሜትር ላይ ያለው ገርባ ጉራቻ፣ ጥቁሩ ሐይቅ ማለት ነው። የእያንዳንዱን ቀን ርዝመት ከአስጎብኚያችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ የደከማችሁ ቀን አሳጥሩት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስታችሁ 8 ሰዓት ላይ ድንኳን ተክላችሁ መጨረስ አለባችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጉምና ንፋስ ይመጣል። ስትሄዱ ሙሉ አረፍተ ነገር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። መፀዳጃ ከውሃ 60 ሜትር ርቃችሁ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ፣ ሶፍቱን ደግሞ ይዛችሁ ተመለሱ።

ህመሙን እንዴት ታውቁታላችሁ

ጠዋትና ማታ ፈተና አለ፣ በደስታ ቀንም አይዘለልም። መሬት ላይ መስመር አስምሩና ተረከዝ ከጣት እያገናኛችሁ 10 እርምጃ ሂዱ። ከተንገዳገዳችሁ ከባድ ምልክት ነው፣ አንጎል ውስጥ ውሃ መቋጠር ሊሆን ይችላል። ቁጭ ብላችሁ እያረፋችሁም ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ሳል ከአረፋ ጋር ከመጣ ደግሞ ሳንባ ነው። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው፣ ወዲያው መውረድ፣ እስኪሻላችሁ፣ ቢያንስ 300 ሜትር ቢቻል 1,000፣ ከዛ ሐኪም ጋ። እስኪነጋ ልጠብቅ አይባልም። ቀላሉ ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ባላችሁበት ቆዩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ፓራሲታሞል ውሰዱ፣ እስኪለቃችሁ ከፍ አትበሉ። የእንቅልፍ ኪኒንና መጠጥ ፈፅሞ አይሆንም፣ አተነፋፈስን ያዘገያሉ። ዳያሞክስ የሚባል መከላከያ መድሃኒት አለ፣ እሱን ግን ከመሄዳችሁ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ነው፣ በተለይ የሰልፋ አለርጂ ያለበት ሰው ከፋርማሲ ዝም ብሎ እንዳይገዛ።

ጫፉ ቀን

ሌሊት 10 ሰዓት ተነሱ፣ 11 ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ሁኑ። ማታ ልብሱን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስገብታችሁ ተኙ፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ሱሪ መልበስ ነው ሰውን የሚያስቀረው። በሶውን ሙቅ አድርጋችሁ ጠጡ ባያሰኛችሁም።

ቱሉ ዲምቱ ቀይ ተራራ ማለት ነው፣ ፀሐይ ስትወጣበት ስሙ ከየት እንደመጣ ታዩታላችሁ። እስከ ጫፉ የመኪና መንገድ አለ፣ ላይ አንቴና ተተክሏል፣ አንዳንዱ ሰው ይሄን ሲሰማ «ታዲያ ምን ዋጋ አለው» ይላል። እኔ በመኪና የሄድኩ ቀን ታምሜ ነው የተመለስኩት፣ 5 ቀን በእግሬ መጥቼ የወጣሁት ግን የራሴ ነው። መጨረሻው ላይ ጠጠሩ ይንሸራተታል፣ አንድ እርምጃ ወጥታችሁ ግማሽ ትመለሳላችሁ፣ እዛ ላይ ነው የእንጦጦዋ እናት አረማመድ የሚያስፈልገው። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ተንፍሱ፣ አንድ እርምጃ ወደ ውጪ። ቀና ብላችሁ ጫፉን ደጋግማችሁ አትዩት፣ የማይደረስ ይመስላል። 50 እርምጃ ቁጠሩ፣ ቆማችሁ 10 ጊዜ ተንፍሱ፣ እንደገና 50።

ላይ ስትደርሱ ወዲያው የላባ ጃኬት፣ ጓንት፣ ቆሎ። ፎቶ አንሱ፣ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ አትቆዩ። መውረዱ ላይ ነው ሰው ቁርጭምጭሚቱን የሚሰብረው፣ ደስታም ድካምም አንድ ላይ ስለሚመጣ፣ ስለዚ የጫማችሁን ክር ጫፉ ላይ እንደገና አጥብቁ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ የወጣሁ ቀን እዛ ላይ ጎንበስ ብዬ ክሩን ቀስ ብዬ አሰርኩት፣ ሁለቱንም እግር፣ ድርብ አድርጌ፣ እና እንባዬ መጣ።

ከሳነቲ ወደ ጎባ የሚወርድ መኪና ቀድማችሁ በአስጎብኚያችሁ በኩል አስቀጥሩ፣ መንገዱ ላይ ቆሞ መጠበቅ ብርድ ነው። ለአስጎብኚውና ለባለፈረሱ ሂሳባቸውን ከነጉርሻው እጃቸው ላይ ስጡ።

ጎባ ገብታችሁ ኔትወርክ ሲመጣ፣ ሻወርና ማኪያቶ ሳይቀድም፣ ወረቀቱን ለያዘው ሰው ደውሉ። ፎቶ መለጠፍ በኋላ ይደርሳል። ባለፈው ስደውል ያነሳችው እናቴ ናት፣ «ወርጃለሁ እማ፣ ወረቀቱን አንሺው» አልኳት፣ የፍሪጁ ማግኔት ሲላቀቅ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።